ተመልሶ የተወሰደው ደብዳቤ

ስልክና ኮምፒውተር ምንና ምን እንደሆኑ የገባኝ በስተርጅና፣ በአሮጌው ዓመት የመጨረሻ ቀን፣ ጓንቴ በፀጉር ቀለም እንደጠቆረ ነው። ሌላው ሰው ይኼን ከትምህርት ቤት ይዞት ይወጣል አሉ። እኔ የተማርኩት ሰው ሲሮጥ እያየሁ ነው፤ ተቀመጡና ልንገራችሁ።

ሲሉዎ ከተማ፣ ከባሕር እመቤታችን ከማዙ ቤተ መቅደስ ጀርባ ባለችው ቀጭን መንገድ ላይ ፀጉር ቤት አለችኝ። ስሜ ሉዋን ነው፤ ሰፈሩ እትዬ ሉዋን ይለኛል። ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤቶቼ ሁዎ-ቱና ሚስቱ ቻይ-ዪን ናቸው። ግድግዳ አልኩት እንጂ ወረቀት ነው፤ ሁዎ-ቱ ሲያስነጥስ እኔ ነኝ ይማርህ የምለው።

ሁዎ-ቱ አሻንጉሊት አጫዋች ነው። እጁን በአሻንጉሊቱ ቀሚስ ውስጥ ከቶ ጄኔራሉንም፣ ጠንቋዩንም፣ ቆንጆይቱንም በራሱ ድምፅ ያናግራል። ድሮ ልጁም አዋቂውም አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር የሚያየው። አሁን የሚጠሩት ቤተ መቅደሶች ብቻ ሆነዋል፣ ያውም ለአምላክ ልደት። መድረኩ ፊት ወንበር ይደረደራል፤ ወንበሩ ላይ የሚቀመጥ ሰው ግን የለም።

«አማልክቱ ያዩታል» ትላለች ቻይ-ዪን። «ምን ያድርጉ? ከእንጨት ስለተሠሩ ተነሥተው መሄድ አይችሉ!»

እሷም ብትሆን ዕድሜዋን የጨረሰችው ከዚያው መድረክ ጀርባ ነው። የአሻንጉሊቶቹን ልብስ የምትሰፋው እሷ፣ ተራቸው ሲደርስ የምታቀብለው እሷ ነበረች። ወንበሮቹ ባዶ መሆን ሲጀምሩ ነው መርፌዋን አስቀምጣ ምላሷን ያነሣችው። የአሻንጉሊቶቹ ሳጥን የቤቱን እኩሌታ ይዟል። በየዓመቱ መጨረሻ፣ የቤት ጽዳት በሚደረግበት ሰሞን፣ «አንተ ሽማግሌ ዝንጀሮ፣ ዘንድሮስ ይኼን ሳጥን አንጥለውም ወይ?» ትለዋለች። በእኛ አገር ሚስት ባሏን ሽማግሌ ዝንጀሮ ብትለው እንዳይደንቃችሁ። የፍቅርም የንዴትም መጠሪያ ነው፤ የቱ እንደሆነ ከድምፁ ይለያል።

ልጃቸው ታይፔ ናት የምትሠራው። ለጨረቃ በዓል መጥታ ለሁለቱም አንድ የኢሜይል አድራሻ ከፈተችላቸው። በሁዎ-ቱ ክፍል ባለው ኮምፒውተርም፣ በእናቷ ስልክም ላይ አስገባችውና «ለሁለታችሁም አንድ ነው፣ ተስማምታችሁ ተጠቀሙበት» ብላ ወደ ባቡሯ ሮጠች። እነሱ አንድ ነው ሲባሉ የገባቸው እንደ ጋዜጣ ነው። አንድ ጋዜጣ ለሁለት ቤት ይታደል የለ? አንዱ የራሱን ዓሣ ቢጠቀልልበት የሌላው ምን ይሆናል? እኔም ቢሆን ያልኳቸው ይኼንኑ ነው፤ ደግሞ ጠይቀውኝ!

እንግዲህ በጨረቃ የምንቆጥረው ዓመት መጨረሻ ቀን ደረሰ። ለፀጉር ቤት ከዚህ የከፋ ቀን የለም። አዲስ ዓመት በገባ ዕለት ፀጉር መታጠብ ገዱን አብሮ ማጠብ ነውና፣ ራስ ያለው ሁሉ በዋዜማው እኔ ጋ ይመጣል። ቻይ-ዪንን ከጠዋቱ አጥቤ ቢጎዲን ጠቀለልኩላትና ማድረቂያው ካስክ ውስጥ አስገባኋት። ስትለፈልፍ ስሰማት የምውልበት ቀን ነው ብዬ ነበር፤ ዝም አለች። ዝምታዋ አስፈራኝ።

«ምነው ቻይ-ዪን?» አልኳት።

«እትዬ ሉዋን፣ ባሌ ሊሞት ነው።»

«ምን ሆነ?»

«ሳጥኑን ራሱ ጎትቶ አምጥቶ ሰጠኝ። ‹ከቆሻሻው ጋር አውጪልኝ፤ የሚፈልገው የለም› አለኝ። በር ላይ ጋሪው ላይ ጭኜዋለሁ።»

«ዕድሜሽን ሙሉ ስትለምኚው የኖርሽው አይደለም እንዴ?»

«እኮ! እኔ የለመድኩት መለመኑን ነው እንጂ እሺ መባሉን አይደለም» አለችና ዓይኗ እንባ አቀረረ። ወዲያው ደግሞ እንባዋን አፍራበት ወሬ ቀየረች። «ለማንኛውም ቤቱን አጸዳድቼዋለሁ። ኮርኒሱን ጠርጌ፣ አልጋ ሥሩን ጠርጌ፣ ስልኬንም ሳይቀር ከሰሞኑ መጥረግ ጀምሬያለሁ። አሮጌ ደብዳቤ ሞልቶበት! እንደ ቅጠል ሰብስቤ ቆሻሻው ውስጥ ከተትኩት። ትንሽ ነው የቀረኝ፣ አሁን እጨርሰዋለሁ።»

«ታዲያ ስልክ ውስጥ የተጠረገ ቆሻሻ የት ይሄዳል?»

«የትም። እዚያው ቆሻሻ የምትል ማስቀመጫ አለችው። መኪናው ሲመጣ ነዋ የማወጣው!»

ነገሩ እንዲህ ነው። በእኛ ከተማ ቆሻሻ መንገድ ላይ አይቀመጥም። መኪናው ሙዚቃውን እያሰማ ሲመጣ ሰው ሁሉ ከረጢቱን አንጠልጥሎ ሮጦ ይወጣና በእጁ ይጥላል። የዚያን ቀኑ መኪና ደግሞ የመጨረሻው ነበር፤ ከዚያ በኋላ በዓሉ እስኪያልፍ ከቤት ጥራጊ አይወጣም፣ ገድ አብሮ ይወጣልና። ታዲያ ቻይ-ዪን የስልኩንም ቆሻሻ ለመኪናው አቆይታዋለች። መኪናው በር ላይ ሲቆም «ባዶ አድርግ» የሚለውን ልትጫን።

«አሁኑኑ ብትጫኚውስ?» አልኳት።

«መኪና በሌለበት ቆሻሻ ይወጣል እንዴ እትዬ?»

እውነቷን ነው፣ ምን እላለሁ። ልቤ ግን ሁዎ-ቱ ጋ ነበር። ፀጉሯን እኩሌታ ቀለም የቀባሁላትን ሌላ ደንበኛዬን «መጣሁ፣ እንዳትነኪው» ብዬ፣ ጓንቴን ሳላወልቅ በጓሮ በኩል ወደ ጎረቤት ገባሁ።

ሁዎ-ቱ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጧል። አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፣ ፊቱ ግን የቀብር ነው። አጠገቡ የገበሬ ቀን መቁጠሪያው ተዘርግቷል፤ ለሠርግ፣ ለመንገድ፣ ለቤት መሥራት መልካሙን ቀን የምናይበት መጽሐፍ።

«ምነው የአሻንጉሊቶቹን ሳጥን ጣልክ?» አልኩት።

«እትዬ፣ ለሚስቴ እንዳትነግሪያት።»

«ንገረኝ።»

«ከጃፓን ደብዳቤ መጥቶልኝ ነበር። ሺኮኩ ውስጥ ካለች ከተማ። እዚያ አሻንጉሊት የሚያዩት ሰዎች ናቸው እትዬ፣ በእግራቸው መጥተው፣ ቁጭ ብለው! ለፀደይ በዓላቸው እንድጫወት ጠሩኝ። የእኔንና የረዳቴን ስም እስከ ዛሬ ማታ ላክ ብለውኝ ነበር።»

«ታዲያ ላከዋ!»

«መጽሐፉን ባየው ለመንገድ መልካም የሆነው ቀን ትናንት ሆኖ ወጣ። ጠበቅኩ። ትናንት ታጠብኩ፣ ሸሚዝ ለበስኩ፣ መልሱን ልጽፍ ከፈትኩት። ደብዳቤው የለም።»

«የት ሄደ?»

«ወሰዱት።»

«እነማን?»

«ጃፓኖቹ ናቸዋ።»

«ሁዎ-ቱ፣ ደብዳቤ ከሰው ቤት ይወሰዳል?»

«ጨዋ ሕዝብ ነው እኮ» አለ፣ ዓይኑን ከመጽሐፉ ሳያነሣ። «‹ተሳስተናል፣ አንፈልግህም› ብለው ፊቴን ከሚያቃጥሉት፣ ቀስ ብለው ገብተው ወረቀታቸውን ይዘው ወጡ። እኔም እንዳላየ ሆንኩ። ዛሬም ሸሚዙን ለብሼ ብጠብቅ የለም። ጽፎ ‹ለምን?› ማለት እነሱንም ማሳፈር ነው።»

አትሳቁበት። እኔ ግማሹን አምኜዋለሁ። በእኛም ዘንድ ሰው ፊት ለፊት እምቢ አይባልም። ታናሽ እህቴን ሊያይ የመጣ አንድ ሰው፣ ሳትጥመው ጊዜ፣ የሰጠነውን የኬክ ሳጥን መንደሪን ጨምሮበት መለሰልን። ኬኩን እየበላን ነው እምቢ እንደተባልን የገባን።

ምን ብዬ እንደማጽናናው ሳስብ ሁዎ-ቱ በድንገት ወንበሩን ወደ ኋላ አንፏቀቀ።

«እይ! እይ እትዬ! አሁንም እየወሰዱ ነው!»

አየሁ። ማንም ሳይነካው፣ የኮምፒውተሩ መስኮት ላይ ከተደረደሩት ደብዳቤዎች አንዱ ብን ብሎ ጠፋ። «የጎሳ ማኅበራችን የበዓል ሰላምታ ነበር» አለ ሁዎ-ቱ። ሌላው ጠፋ። የመድኃኒት ቤቱ ማስታወቂያ ነበር። ሦስተኛው ሲጠፋ ሁዎ-ቱ ድምፁ ተሰበረ።

«የመብራት ሒሳቡ! የመብራት ድርጅቱም መልሶ ወሰደው። ወይኔ፣ እነሱም አዘኑልኝ!»

እዚህ ላይ ነው የነቃሁት። «ሁዎ-ቱ ወንድሜ» አልኩት፣ «ጃፓን ያፍር ይሆናል። መድኃኒት ቤቱም ሊያፍር ይችላል። የመብራት ሒሳብ የሚሰበስብ ሰው አፍሮ ወረቀቱን ወሰደ ሲባል ግን ሰምተህ ታውቃለህ?»

አሰበበት። «አላውቅም» አለ።

ይኼኔ በግድግዳው በኩል፣ ካስክ ውስጥ ያለ ሰው ራሱን ስለማይሰማ እንደሚጮኸው፣ የቻይ-ዪን ድምፅ መጣ። እቃ ስትጥል እቃውን ማናገር ልማዷ ነው። ኩርሲ ስትጥል እንኳ ሰድባ ነው የምትሰናበተው።

«የመብራት ሒሳብ፣ ከፍዬሻለሁ፣ ምን ትጎለቻለሽ! የወንድሜ ሚስት ደግሞ ፎቶዋን ስትልክ! አይቼዋለሁ፣ ወፍረሻል፣ ሂጂልኝ!»

ኮምፒውተሩ ላይ የወንድሟ ሚስት ፎቶ ብን አለ።

ሁዎ-ቱ እኔን አየ፤ እኔ ግድግዳውን አየሁ።

«ሁዎ-ቱ» አልኩት፣ «ጃፓኑ ሚስትህ ናት።»

«እሷ ስልኳን እየነካካች ነው፣ ይኼ ኮምፒውተር ነው!»

«ሁለት ቤት መስሎን ነበር እኮ። አንድ ቤት ነው፣ በሩ ነው ሁለት። እሷ በጓሮ በር ገብታ የምትጠርገውን አንተ በፊት በር ቆመህ ታያለህ። ደብዳቤህን ማንም አልወሰደው። ቆሻሻው ውስጥ ነው።»

ፊቱ በራ። «ቆሻሻው ውስጥ? ታዲያ አለ ማለት ነዋ!»

«አለ። ያውም መኪናው ሲመጣ—»

አረፍተ ነገሬን አልጨረስኩም። ከመንገዱ ጫፍ የቆሻሻው መኪና ሙዚቃ ተሰማ።

እናንተዬ፣ እንዲህ ያለ ሩጫ! ሁዎ-ቱ በነጠላ ጫማ፣ አንዱን እግር በር ላይ ጥሎት። እኔ እጄ እስከ ክርን ጥቁር ሆኖ። ደንበኛዬ እኩሌታ ራሷ ጥቁር፣ እኩሌታው ነጭ ሆኖ በር ላይ ቆማ «ማን ሞተ? ማን ሞተ?» ትላለች። ሰፈሩ ሁሉ ከረጢቱን ይዞ ወጥቷል። ቻይ-ዪን በቢጎዲኗ፣ ሁለት ከረጢት በአንድ እጇ፣ ስልኳን በሌላው ይዛ፣ ከመኪናው ኋላ ቆማለች። የአሻንጉሊቶቹ ሳጥን አጠገቧ ጋሪው ላይ ነው። ከሠራተኛው ጋር ጭቅጭቅ ገጥማለች።

«አክስቴ፣ ይኼ ትልቅ ዕቃ ነው» ይላታል። «ትልቅ ዕቃ ቀድሞ ለጽሕፈት ቤቱ ተደውሎ፣ ተመዝግቦ ነው የሚነሣው።»

«በዓል ደጃፍ ላይ ቆሞ የምን ምዝገባ ነው?»

«ደንቡ ነው አክስቴ። እኔ ብቀበልሽ አለቃዬ እኔን ነው የሚጥለኝ።»

«እሺ ሳጥኑ ይቅር። ይኼንንስ ትጫንልኛለህ? መነጽሬን ፀጉር ቤት ትቼዋለሁ።» ስልኩን አፍንጫው ላይ ደቀነችለት። «የትኛው ነው ‹አዎ› የሚለው? እርግጠኛ ነሽ ወይ ይለኛል። ከመቼ ወዲህ ነው ደግሞ ቆሻሻ ሰውን እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ የሚጠይቀው?»

ሠራተኛው ጨዋ ልጅ ነው። ጓንቱን አወለቀ፣ ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገ፣ ዘረጋ።

«እንዳትነካ!» ብሎ ሁዎ-ቱ የጄኔራሉን ድምፅ አወጣ። መድረክ ላይ አሥር ሺህ ጦር የሚያቆምበትን ድምፅ። መኪናው እንኳ ሙዚቃውን ያቆመ መሰለኝ። ሁዎ-ቱ ሳጥኑን አልፎት ሄዶ ስልኩን ከሚስቱ እጅ መነጨቀና ደረቱ ላይ ለጠፈው።

ቻይ-ዪን አፏን ከፈተች። «ሳጥኑን ትቶ ስልኩን!»

«ሌላ ሴት አለችው ማለት ነው» አለች ጎረቤታችን የቶፉ ነጋዴዋ፣ የአኩሪ አተር አይብ የምትሸጠው፣ ለሁላችን እንዲሰማ።

«በዚህ ዕድሜ?» አለ የቶፉ ነጋዴዋ ባል። ድምፁ ውስጥ ቅናት ነበረበት።

«አንተ ሽማግሌ ዝንጀሮ! ምን የሚደበቅ ደብዳቤ ነው ስልኬ ውስጥ ያለህ? ከማን ነው?»

«ከጃፓን ነው!»

«ከጃፓን ሴት!» አለች የቶፉ ነጋዴዋ። አሁን ሰዉ ሁሉ ከረጢቱን መሬት አስቀምጦ ቀረበ።

«ዝም በይ አንቺ፣ ቶፉሽ ይቆምጥጥ!» አልኳትና ሁለቱንም በክንድ ክንዳቸው ይዤ ወደ ቤት ነዳኋቸው። የቻይ-ዪን ሸሚዝ ላይ የተውኩት ጥቁር አሻራ እስከ ዛሬ አልለቀቀም። መኪናው ሙዚቃውን እያሰማ ሄደ። ከረጢቶቿን ሳትጥል ቀረች፤ ዘንድሮ ዓመት የቀየሩት ከነቆሻሻቸው ነው ማለት ነው።

ቤት ገብተን ሦስታችንም ስልኩ ላይ ተደፋን። ሁዎ-ቱ ስልኩን ወደ እኔ ሲገፋው ጓንቴን አውልቄ ነካሁት። ቆሻሻ የምትለዋን ስንከፍታት፣ ምን ያልተጣለ አለ! የመብራት ሒሳቡ፣ ወፍራሟ ሴትዮ፣ የመድኃኒት ቤቱ። ከእነሱ ሥር፣ ዝም ብሎ፣ የሺኮኩው ደብዳቤ ተኝቷል። «ወደ ቦታው መልስ» የሚለውን ተጫንኩ። ሁዎ-ቱ ወደ ኮምፒውተሩ ሮጠ።

«መጣ! በፊት በር መጣ!»

ቻይ-ዪን መነጽሯን አስመጥታ ደብዳቤውን ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። «የተከበሩ መምህር...» አለችና ቆመች። ባሏን አየችው። ነጠላ ጫማው አንድ ብቻ ነው፣ ሸሚዙ ላብ በላብ ሆኗል። እንደገና አነበበችው። «የተከበሩ መምህር። አንተን ነው?»

«እኔን መሰለኝ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ያልጸና መልካም ነገር ከተወራ ይሸሻል ብዬ ነው። ደግሞ...» አለና ወደ መስኮቱ ዞረ። «አንቺ ቆሻሻ የምትዪውን ነገር፣ ሰው መምህር አለኝ ብዬ ምን አፍ አለኝ?»

ምላሷ ስንዴ የሚፈጨው ሴትዮ መነጽሯን አውልቃ በሸሚዟ ጫፍ መጥረግ ጀመረች። እኔም ጣሪያውን አየሁ፤ ኮርኒሱ እውነትም ጸድቷል።

«በል ጻፍ» አልኩት። «ዛሬ ማታ ያበቃል ብለሃል።»

መጽሐፉን ገለጠ። «ዛሬ የሚሆነው ለመጥረግና ለማፍረስ ብቻ ነው ይላል። ለመንገድ ክፉ ቀን ነው።»

«እሱ ለእኛ ነው» አለች ቻይ-ዪን ቀስ ብላ። «ጃፓኖቹ ዓመታቸውን በፈረንጅ አቆጣጠር ከቀየሩ ሰነበቱ። እዚያ ተራ ቀን ነው፤ ቢሮአቸው ተከፍቶ ሻይ እየጠጡ ነው።»

ይኼ ልቡን ገዛው። በአንድ ጣቱ እየለቀመ ጻፈ። እመጣለሁ አለ፤ ጄኔራሉን ይዤ እመጣለሁ አለ፤ አመሰገነ፤ ደግሞ አመሰገነ። «የረዳቴ ስም» የሚለው ጋ ሲደርስ ጣቱ አየር ላይ ቀረ። ቻይ-ዪን ቢጎዲኗን ትነካካለች። እሱ ሳል ሳል አድርጎ ተነሣ። «ሳጥኑ ውጭ ነው፣ ዝናብ ሊመጣ ይችላል» ብሎ የጻፈውን ሳይልከው ዘጋውና ወጣ። ሰማዩ ላይ አንዲት ደመና አልነበረችም።

«ነይ፣ ፀጉርሽ ሳይበላሽ ልፍታው» አልኳትና ወደ እኔ ቤት ወሰድኳት።

ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ ስልኳን አወጣች። እኔ ቢጎዲኑን ስፈታ በመስታወቱ ውስጥ አያታለሁ። አንዳች ነገር ስትፈልግ ቆየችና «እትዬ፣ ያላለቀው ደብዳቤም እዚህ አለ» አለች። «ረቂቅ የምትል ክፍል ውስጥ ተቀምጧል። ይኼው፣ ‹የረዳቴ ስም› ይላል። ከዚያ ባዶ።»

«እህስ።»

«ረሳው ነው ወይስ ፈራ?»

«አንቺን የማይፈራ ማን አለ?»

አልሳቀችም። መነጽሯን ከፍ ዝቅ አደረገች። ጣቷን ስልኩ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች፤ ሁለት ቢጎዲን ፈታሁ፣ ሦስተኛውን ያዝኩ። ከዚያ ፊደል በፊደል፣ መርፌ እንደምትሰካ ሴት፣ ጻፈች። ምን እንደጻፈች ለማየት አንገቴን ስሰብር ያዘችኝና አልደበቀችኝም። የራሷን ስም ነው፣ ከነአባቷ። «ላክ» የሚለውን ራሷ አገኘችው፤ መነጽር አላስፈለጋትም።

አፍታ አልቆየም። በግድግዳው በኩል ወንበር ወደቀ።

«እትዬ ሉዋን! ወሰዱት! ያላለቀውንም ወሰዱት!»

ቻይ-ዪን ማበጠሪያዬን ነጥቃኝ ግድግዳውን ደበደበችው። «እኔ ነኝ፣ አንተ ሽማግሌ ዝንጀሮ! የተላከ የሚለውን ክፈት! የተላከ!»

እኔ እጄን ፀጉሯ ውስጥ እንዳደረግሁ ቀረሁ። ከግድግዳው ማዶ መጀመሪያ አፍንጫ ሲጠረግ ተሰማ። ቀጥሎ ከስንት ዘመን በኋላ የቆንጆይቱ አሻንጉሊት ድምፅ፣ ያ ቀጭኑ፣ እጅግ የተቀማጠለው፦

«እመቤቲቱ ቀሚሴን አይተውታል? ተበጫጭቆ እንዴት ባሕር እሻገራለሁ?»

ቻይ-ዪን ቀና አለች። «ስሚው ደግሞ! እጅጌው ነው የተተረተረው፣ ቀሚሱ ምንም አልሆነ» አለችኝ። ቀጥላም ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠች። «ቶሎ በይልኝ እትዬ። ከነገ ጀምሮ በበዓል መርፌ አይነካም፤ ሳይመሽ ልስፋው።»

«አሥራ አንድ ቢጎዲን ቀርቶሻል እኮ!»

«ይቅር፣ እንዲሁ ልሂድ» ብላ ከነቢጎዲኗ ተነሥታ ወጣች።